ቂጣውን ተዉትና ሕጉን ተመልከቱ፦ የላቲኖ ቤተሰቦች ጤና በበራሪ ወረቀት አይድንም

አሜሪካ ውስጥ አንድ የታወቀ ልማድ አለ። በላቲኖዎች ሰፈር ስኳር በሽታ በዝቷል የሚል ሪፖርት ይወጣል። የጤና ቢሮው ስብሰባ ይቀመጣል፤ ገንዘብ ይመደባል። ከዚያ በስፓኒሽ የተጻፈ በራሪ ወረቀት ይታተማል፦ በአንድ በኩል ፖም፣ ካሮትና ሰላጣ፤ በሌላ በኩል ቀይ መስመር የተሰረዘበት ቶርቲያ፣ ማለትም የበቆሎ ቂጣቸው። ወረቀቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤት፣ በክሊኒክ ወንበር ላይ ይበተናል። ዓመቱ ሲያልቅ "ይህን ያህል ሺህ ቤተሰብ አስተማርን" የሚል ሪፖርት ለገንዘብ ሰጪው ይላካል። ስኳሩ ግን እዚያው አለ። ለምን ሲባል መልሱ ዝግጁ ነው፦ "ባህላቸው ነው፤ ቢነገራቸውም አይሰሙም።"

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ይህ ነው። የላቲኖ ቤተሰቦችን የሚያሳምማቸው የዕውቀት ማነስ ነው የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ ያውም ለብዙዎች የሚመች ሐሰት። ሠራተኛውን ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ለሚያነድደው አሠሪ ይመቸዋል። የሕክምና በር ለሚዘጋው ሕግ አውጪ ይመቸዋል። ስኳር በጠርሙስ አሽጎ ለሚሸጠው ኩባንያ ይመቸዋል። "ማኅበረሰቡን እናስተምራለን" እያለ ከሁሉም እጅ ገንዘብ ለሚቀበለው ድርጅትም ይመቸዋል። ጥፋቱ በእናትየው ምጣድ ከተላከከ ሌላው ሁሉ ነጻ ወጣ ማለት ነው።

ጥብቅና የሌለበት የጤና ትምህርት ሕመምተኛውን በገዛ ሕመሙ መክሰሻ ነው። ማስረጃው ብዙ ስለሆነ አንድ በአንድ ይታይ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ሲመጡ ጤነኞች ነበሩ

በ2020 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ላቲኖዎች 62 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከአምስት የአሜሪካ ነዋሪዎች አንዱ ገደማ ማለት ነው። ሜክሲኳዊው፣ ፖርቶ ሪኳዊው፣ ኤልሳልቫዶራዊው፣ ኩባዊው፣ ጓቲማላዊው ሁሉ በዚህ አንድ ስም ይጠራል። ትናንት ድንበር የተሻገረ አለ፤ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ የሜክሲኮ ግዛት ከነበሩበት ዘመን ጀምሮ ዘሩ እዚያው የኖረም አለ።

ስለ እነዚህ ሰዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ የጤና ተመራማሪዎችን ግራ ያጋባ አንድ እውነት አለ። ገቢያቸው ከነጮቹ ያነሰ ነው። የጤና መድን የሌላቸው ሰዎች ድርሻ ከነጮቹ ከእጥፍ በላይ ነው። እንዲህም ሆኖ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። በ2019 በአማካይ የመኖር ዕድሜያቸው 81.9 ዓመት ሲሆን የነጮቹ 78.8 ነበር። ምሁራኑ "የሂስፓኒክ እንቆቅልሽ" ብለው ሰየሙት። ከማብራሪያዎቹ አንዱ ሲጋራ የሚያጨሱት ከሌላው ያነሱ መሆናቸው ነው፤ ሌላው ደግሞ ለስደት የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛውና ብርቱው መሆኑ ነው።

ዋናው ነገር ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ይህ ብልጫ አሜሪካ ውስጥ በቆዩ ቁጥር እየመነመነ ይሄዳል። እዚያው የተወለዱት ልጆች ከወላጆቻቸው ይልቅ ይወፍራሉ፤ ይበልጥ ያጨሳሉ። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል እንደሚለው አንድ ላቲኖ አዋቂ በሕይወት ዘመኑ ዓይነት ሁለት ስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከ50 በመቶ በላይ ነው፤ የአገሪቱ አማካይ 40 በመቶ ነው። ያ ሁሉ በሽታ ከመንደራቸው በሻንጣ ተጭኖ ከመጣ፣ አዲስ የመጡት ከቆዩት በላይ ሊታመሙ በተገባ ነበር።

ያቺ የተሰረዘችው ቂጣ ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። የጥንት የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ሰዎች በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለው፣ አጥበው ይፈጩታል። ይህ ዘዴ በእህሉ ውስጥ የታሰረውን ቪታሚን ይፈታል፤ ካልሲየም ይጨምራል። በቆሎውን ወስደው ዘዴውን የተዉት የጣሊያንና የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ድሆች ፔላግራ በሚባል የቪታሚን እጥረት በሽታ ለብዙ ዓመታት አልቀዋል። ይህን ዕውቀት ለሺህ ዓመታት ይዞ የኖረን ሕዝብ "ስለ ምግብ አያውቅም" ማለት፣ ለሐበሻ "ጤፍህን ጥለህ ነጭ ዳቦ ብላ" ብሎ እንደ መምከር ነው።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ የላቲኖዎች በአማካይ የመኖር ዕድሜ ወደ አራት ዓመት ገደማ አሽቆለቆለ። "ቤታችሁ ቆዩ" የሚለው ምክር በስፓኒሽም ተተርጉሞ ነበር፤ መልእክቱን ያልሰማ አልነበረም። ግን ሥጋ የሚቆርጠው፣ ቲማቲም የሚለቅመው፣ ምግብ ቤት ሳህን የሚያጥበው፣ ጣሪያ የሚያለብሰው ሰው ቤቱ ሆኖ አይሠራም። ያልሠራበት ቀን ደግሞ ደሞዝ የለውም። ምክሩን የጻፉት ሰዎች ግን ቤታቸው ሆነው ነው የጻፉት።

▪️ "ውሃ ጠጡ"

ከበራሪ ወረቀቶች ሁሉ ይህኛው ይብሳል። በሙቀት ወራት "ውሃ ጠጡ፤ በየጊዜው ጥላ ሥር ዕረፉ" የሚል ምክር ለግንባታና ለእርሻ ሠራተኞች ይታደላል። አብዛኞቹ የአሜሪካ የእርሻ ሠራተኞች ላቲኖዎች ናቸው፤ በቴክሳስ ሕንጻ የሚያቆሙትም በብዛት እነሱ ናቸው።

የቴክሳስ ከተማ ኦስቲን በ2010፣ ዳላስ በ2015 የግንባታ ሠራተኛ በየአራት ሰዓቱ ቢያንስ 10 ደቂቃ እንዲያርፍ የሚያስገድድ ደንብ አውጥተው ነበር። አሥር ደቂቃ! በ2023 የግዛቲቱ መንግሥት እንዲህ ያሉ የከተማ ደንቦችን የሚሽር ሕግ አወጣ። በፍሎሪዳ የማያሚ ዴድ አውራጃ ለሠራተኞች ውሃ፣ ጥላና ዕረፍት የሚያረጋግጥ ደንብ እየተወያየበት ሳለ፣ በ2024 ግዛቲቱ አውራጃዎችና ከተሞች እንዲህ ያለ ግዴታ በአሠሪ ላይ እንዳይጥሉ የሚከለክል ሕግ አጸደቀች።

እንግዲህ ይታሰብ። በአንድ እጅ "ውሃ ጠጡ" የሚል ወረቀት ይሰጣል፤ በሌላው እጅ ውሃ የሚጠጣበት ደቂቃ ይነጠቃል። ሠራተኛው ውሃ መጠጣት እንዳለበት አያውቅምን? ከፎርማኑ ይልቅ ጥማቱ ነግሮታል። የማያውቀው ነገር ቢኖር ዕቃውን አስቀምጦ ጥላ ሥር ቢቀመጥ ነገ ሥራው ይኖር እንደሆነ ነው። ለዚህ ጥያቄ በራሪ ወረቀቱ መልስ የለውም።

ነገሩም አዲስ አይደለም። ሠራተኞች እንዲደራጁ የፈቀደው የ1935ቱ የፌዴራል ሕግ የእርሻ ሠራተኛውን ከነጭራሹ አስቀርቶታል። የ1938ቱም ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከልክሎታል፤ በፌዴራል ደረጃ እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። የአገሩን ሰላጣና እንጆሪ የሚለቅመው ሰው ለራሱ ቤት ሰላጣና እንጆሪ መግዛት ሲያቅተው "አትክልት አብዝታችሁ ብሉ" ይባላል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

▪️ አንዲት ቃል፣ አንድ ፊርማ

በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ኩባውያን ቤተሰቦቹ "ኢንቶክሲካዶ" ነው አሉ። በእነሱ ስፓኒሽ ይህ ቃል "የበላው ወይም የጠጣው ነገር አስታሞታል" ማለት ነው። ሆስፒታሉ በእንግሊዝኛው ጆሮ ሰምቶ አደንዛዥ ዕፅ አብዝቶ ወስዷል ብሎ አከመው። ልጁ አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ይህ በታወቀ ጊዜ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀርቷል። በዕድሜ ልኩ የሚከፈለው ካሳ 71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። አንድ አስተርጓሚ ቢኖር ስንት ያስወጣ ነበር?

ከዚያ በፊት ደግሞ በሎስ አንጀለስ የባሰ ተፈጽሟል። በ1975 አሥር የሜክሲኮ ተወላጅ እናቶች ፍርድ ቤት ቀረቡ። ምጥ ላይ ሳሉ፣ በማያነቡት እንግሊዝኛ በተጻፈ ቅጽ ላይ አስፈርመዋቸው፣ ዳግም እንዳይወልዱ የማህፀን ቱቦ የመቋጠር ቀዶ ሕክምና ተደርጎባቸዋል። ምስጢሩን ያወጣው እዚያው ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ወጣት ሐኪም በርናርድ ሮዘንፌልድ ነው፤ ከተሟገቱላቸው ጠበቆች አንዷ ገና ከሕግ ትምህርት ቤት የወጣችው አንቶንያ ኤርናንዴስ ናት። በ1978 ዳኛው ለሐኪሞቹ ፈረደ። የነገሩ ምንጭ በሐኪሞቹና በሴቶቹ መካከል የተፈጠረ የመግባባት ችግር ነው፤ ሐዘናቸው የበረታውም ከባህላቸው የተነሣ ነው አለ። እንደገና ባህል! ሰው ሳይጠየቅ ማህፀኑ ይዘጋል፤ ሲያለቅስ ደግሞ "ባህሉ ነው" ይባላል።

ሴቶቹ ፍርድ ቤት ተሸነፉ፤ ጩኸታቸው ግን አልተሸነፈም። በዚያው ዘመን በአገሪቱ በተነሣው ተቃውሞ የፌዴራል መንግሥቱ ደንቡን አጠበቀ፦ ከፊርማው እስከ ቀዶ ሕክምናው 30 ቀን ይቆይ፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት አትፈርም፤ ለማያውቅ ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ይነገር። የሎስ አንጀለስ አውራጃ ይቅርታ የጠየቀው በ2018 ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አንዲት አያት "ሆስፒታል አልሄድም" ስትል "ያልተማረች" የሚላት ባለሙያ፣ ይህን ታሪክ ያልተማረው እሱ መሆኑን ይወቅ።

በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎታቸውን እንዲያመቻቹ ትእዛዝ ፈርመው ነበር። በመጋቢት 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ብለው ሲያውጁ ያንን ትእዛዝ ሻሩት። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አሁንም ቆሟል፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታው አልቀረም። ግን ግዴታውን የሚጠይቀው ሰው ከሌለ መብት በወረቀት ላይ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በየክሊኒኩ የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የጡት ዕብጠት ውጤት እየተረጎመ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው።

▪️ ፍርሃትን በምን ያስተምሩታል?

በ1994 የካሊፎርኒያ መራጮች ወረቀት የሌላቸው ስደተኞች ከድንገተኛ በስተቀር የሕዝብ ሕክምና እንዳያገኙ የሚከለክለውን ሕግ 59 በመቶ በሚሆን ድምፅ አጸደቁ። የሕክምና ሠራተኛው የጠረጠረውን ሰው እንዲጠቁም ሁሉ ያዝዝ ነበር። ፍርድ ቤት አገደው፤ ወሬው ግን አልታገደም። በ1996 የፌዴራሉ መንግሥት ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንኳ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ሜዲኬይድ ለማግኘት አምስት ዓመት እንዲጠብቅ አደረገ። በየካቲት 2020፣ ኮቪድ በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሜዲኬይድና የምግብ ድጎማ የተጠቀመ ሰው ግሪን ካርድ ሊከለከል የሚችልበት ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ደንቡ ገና በረቂቅ ደረጃ ሳለ በ2018 በተደረገ ጥናት፣ ስደተኛ ባለበት ቤተሰብ ውስጥ ከሚኖሩ ሰባት አዋቂዎች አንዱ በፍርሃት ራሱ ወይም ቤተሰቡ ከእንዲህ ያለ ድጎማ መራቃቸውን ተናግሯል። ደንቡ በ2021 ተነሣ። ፍርሃት ግን በደንብ ቁጥር አይነሣም።

በጥር 2025 ደግሞ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው እንዳይዙ የሚገታው መመሪያ ተሻረ። በሰኔ 2025 የካሊፎርኒያ፣ የኢሊኖይ፣ የዋሽንግተን ግዛትና የዋና ከተማዋ የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች የግል መረጃ ለአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ተላልፎ ተሰጠ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ።

አሁን አንዲት የጤና አስተማሪ በአንድ የላቲኖዎች ሰፈር አዳራሽ ስለ ጡት ካንሰር ምርመራ ልታስተምር ቆመች እንበል። አንዲት እናት እጇን አውጥታ "ብመጣ አድራሻዬን ለማን ትሰጣላችሁ?" ትላታለች። "የእኔ ሥራ ስለ ምርመራው ማስረዳት ነው" ብላ ብታልፍ ትምህርቱ እዚያው ሞተ። መልስ ልትሰጥ ከፈለገች ደግሞ ሕጉን ማወቅ፣ ክሊኒኩን መጠየቅ፣ ክሊኒኩ እምቢ ካለም መሟገት አለባት። በትምህርትና በጥብቅና መካከል አለ የሚባለው አጥር በዚህ ጥያቄ ፊት አንድ ደቂቃ አይቆምም።

▪️ በእጅ ያለች ወርቅ

መፍትሔው አልጠፋም። ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ፕሮሞቶራ ይሏታል። የዚያው ሰፈር ሴት ናት፤ ብዙ ጊዜ እናት ናት፤ ዲግሪ ላይኖራት ይችላል። ሥልጠና ወስዳ ጎረቤቶቿን ቤት ለቤት ትጎበኛለች። ሐኪሙ ያዘዘውን ታስረዳለች፤ ቀጠሮ ታስይዛለች፤ ፎርም ትሞላለች፤ የኪራይ ቤቱ ሻጋታ የልጁን አስም እንደቀሰቀሰው ስታይ አከራዩን ትጠይቃለች። ኢትዮጵያ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል።

ይሠራል ወይ ለሚል ማስረጃ አለ። በቴክሳስ ድንበር ላይ ባለችው ስታር አውራጃ ስኳር ያለባቸው 256 የሜክሲኮ ተወላጆች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ በ2002 ታትሟል። ትምህርቱ የተሰጠው በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው ሰዎች፣ በራሳቸው ምግብ፣ ከቤተሰባቸው ጋር ሆነው፣ ለአንድ ዓመት ነበር። በስድስተኛው ወር የሦስት ወር አማካይ የስኳር ልኬታቸው ትምህርቱን ካላገኙት በ1.4 ነጥብ አነሰ። ስኳር ያለበት ሰው ይህ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። ልኬታቸው ግን አሁንም ከሚገባው በላይ ነበር፤ ምርጡ ትምህርት እንኳ ብቻውን የት ድረስ እንደሚሄድ ይህ ያሳያል።

እና ይህች ሴት እንዴት ተያዘች? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። ቴክሳስ በ1999 ለሥልጠናቸው ሕግ አውጥታለች፤ ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ አገልግሎታቸው በሜዲኬይድ ገንዘብ እንዲከፈል ፈቅዳለች። በብዙ ቦታ ግን ፕሮሞቶራዋ ዛሬም የምትኖረው በግራንት ነው። ግራንቱ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይቆያል። ሰፈሩ አምኗት ምስጢሩን መንገር ሲጀምር ገንዘቡ ያልቃል፤ እሷ ትሰናበታለች። በሚቀጥለው ዙር ሌላ ድርጅት ሌላ ሴት ቀጥሮ መተማመንን ከሀ ይጀምራል። የኢትዮጵያው መርሃ ግብር የራሱ ብዙ ጉድለት አለው፤ ከላይ የታዘዘውን ወደ ታች ማውረድ እንጂ የሕዝቡን ቅሬታ ወደ ላይ ማድረስ አይሆንለትም። ግን በ2003 ሲጀመር አንድ ነገር ገብቶት ነበር፦ ለዚህች ሴት ቋሚ ደሞዝ ያስፈልጋታል። ያች ድሃ አገር ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በመንግሥት ደሞዝ ስትቀጥር፣ የዓለም ሀብታሟ አገር ፕሮሞቶራዋን በኮንትራት ታንከራትታለች።

የራሳቸው የላቲኖዎቹ ትልልቅ ድርጅቶችም ከወቀሳ አያመልጡም። በ2013 የኒው ዮርክ ከተማ በትልቅ ኩባያ የሚሸጥ ስኳራማ መጠጥን ልትገድብ ስትል የለስላሳ ኩባንያዎች ከሰሷት። ሂስፓኒክ ፌዴሬሽን የተባለው አንጋፋ ድርጅት የቆመው ከከሳሾቹ ጋር ነው። የትንንሽ ሱቆችን ጥቅም ይነካል አለ። ድርጅቱ ከኮካ ኮላ ገንዘብ ይቀበል ነበር፤ የቀድሞ ፕሬዚዳንቱም አንድ ዓመት ቀደም ብለው ወደዚያው ኩባንያ ሥራ ገብተው ነበር። የበርክሌይ ከተማ ነዋሪዎች በ2014 በስኳራማ መጠጥ ላይ ቀረጥ እንዲጣል በድምፃቸው ወሰኑ። ቀረጡ በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ በከተማዋ ድሃ ሰፈሮች ፍጆታው 21 በመቶ ቀነሰ። ስንት በራሪ ወረቀት ይህን ያደርጋል?

▪️ የሚነሡት መከራከሪያዎች

"ሰው ለራሱ ጤና ራሱ ኃላፊ ነው" ይባላል። እውነት ነው፤ ማንም የማንንም ጉርሻ አይጎርስም። ግን ኃላፊነት የሚጠየቀው ምርጫ ያለው ሰው ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ መድን የሌለው፣ ዕረፍት የተከለከለ ሰው ከምን ውስጥ ነው የሚመርጠው?

"ወረቀት የሌለው ሰው የሕዝብ ገንዘብ ለምን ይበላል?" ይባላል። በመጀመሪያ፣ አብዛኛው ላቲኖ ዜጋ ነው። ሁለተኛ፣ ወረቀት የሌላቸው ስደተኞች በ2022 ብቻ ወደ 97 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ግብር መክፈላቸውን የግብር ፖሊሲ ጥናት ተቋም አስልቷል። የኦባማ ኬርን መድን ግን በራሳቸው ገንዘብ፣ በሙሉ ዋጋ እንኳ ከመንግሥቱ ገበያ እንዳይገዙ ሕጉ ይከለክላቸዋል። የሚከፍለው ማን፣ የሚበላው ማን እንደሆነ ሒሳቡ ይናገራል።

"ጥብቅና ፖለቲካ ነው፤ የበጎ አድራጎት ድርጅት ፖለቲካ ውስጥ አይገባም" ይባላል። ይህ የፈሪዎች ምሽግ ነው። የአሜሪካ የግብር ሕግ ለእነዚህ ድርጅቶች የከለከለው ለምርጫ ዕጩ መቀስቀስን ነው። በተወሰነ መጠን ሕግ አውጪዎችን መወትወት ይፈቅዳል፤ ለአንዲት እናት "አስተርጓሚ መጠየቅ መብትሽ ነው" ማለት ደግሞ ከነጭራሹ ውትወታ አይደለም። ዝምታን የመረጡት ሕጉ አስገድዷቸው ሳይሆን ገንዘብ ሰጪው እንዳይከፋ ነው።

▪️ ሐበሻው የሚቀመጥበት ወንበር

ይህ ጉዳይ የሩቅ ሰው ጉዳይ የሚመስለው አንባቢ ካለ ዋሽንግተን ዲሲን ይመልከት። በግንቦት 1991 በማውንት ፕሌዘንት ሰፈር ፖሊስ አንድ ኤልሳልቫዶራዊ ተኩሶ አቆሰለ፤ ሰፈሩ ለቀናት ተናወጠ። በ1993 የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት የከተማዋ ላቲኖዎች ከመንግሥት አገልግሎት ምን ያህል እንደተገለሉ ዘረዘረ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ዝም አላሉም። ከመካከለኛው አሜሪካ ጦርነት የሸሹ ሰዎችን ለማከም በ1983 በበጎ ፈቃደኞች የተጀመረው ላ ክሊኒካ ዴል ፑብሎ ነበር። ለረጅም ዓመታት የመራው ኤልሳልቫዶራዊው ሐኪም ሁዋን ሮማጎሳ ነው። በአገሩ በ1980 ወታደሮች አሠቃይተውት እጁ ስለተጎዳ ቀዶ ሐኪም የመሆን ተስፋው ተቀጭቷል። በ2002 እሱና ሌሎች ሁለት ተበዳዮች ፍሎሪዳ ይኖሩ የነበሩ ሁለት የቀድሞ ጄኔራሎችን ከሰው፣ ዳኞቹ 54.6 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱላቸው። በአንድ በኩል ሕመምተኛ የሚያክም፣ በሌላ በኩል በዳይን ፍርድ ቤት የሚያቆም ሰው ነው። ሁለቱን የሚለያይ አጥር አልታየውም።

በ2004 ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አወጣች። የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ነዋሪ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ፣ ዋና ዋና ሰነዶችንም እንዲተረጉሙ ግዴታ ገቡ። ከቋንቋዎቹ መካከል ስፓኒሽ አለ፤ አማርኛም አለ። ዛሬ አንዲት የኢትዮጵያ እናት በዲሲ መሥሪያ ቤት ቆማ "አማርኛ" ስትል ስልክ የሚነሣላት ከሰማይ በወረደ ቸርነት አይደለም። ላቲኖዎችና ሌሎች ስደተኞች ለዓመታት ጮኸው ያስከፈቱት በር ነው። በ2025 ተላልፎ የተሰጠው የዲሲ ሜዲኬይድ መረጃም የማንን ስም እንደያዘ መገመት አያዳግትም፤ መዝገቡ ሆሴንና ከበደን አይለይም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል ለሠርግ ንግግር ማሳመሪያ ብቻ ሊሆን አይገባም።

የሚጠየቀው ግልጽ ነው። ፕሮሞቶራዋ በቋሚ ደሞዝ ትቀጠር። የጤና ትምህርት ገንዘብ የሚሰጥ ሁሉ ለጥብቅናውም ይስጥ። የትኛውም ክሊኒክ ልጅን አስተርጓሚ አያድርግ። ከለስላሳ ኩባንያ ገንዘብ የሚወስድ ድርጅት ስለ ስኳር ለማስተማር አደባባይ አይውጣ። የውሃና የዕረፍት ደቂቃ በሕግ ይመለስ።

ይህ እስኪሆን ድረስ የሚበተነው ወረቀት ሁሉ ለታተመበት ቀለም አያወጣም። ሕዝቡ ማንበብ አላቃተውም፤ ከእንግዲህ ማንበብ ያለባቸው ወረቀቱን የሚያድሉት ናቸው።